የታሪክ ማስታወሻ፦ ሬቫል ትባል የነበረችው ታሊን

በባልቲክ ባሕር ዳርቻ፥ በፊንላንድ ሰላጤ ደቡባዊ ጠረፍ፥ በኖራ ድንጋይ ኮረብታ ላይ የተቆረቆረች አንዲት ጥንታዊት ከተማ አለች፤ በቅጽሯ ውስጥ የሚኖሩት ጌቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ሬቫል ሲሏት፥ ከቅጽሯ ውጭ መሬቱን የሚያርሱት ባላገሮች ግን በገዛ ልሳናቸው በኤስቶንኛ ታሊን ይሏት ነበር። የዴንማርክ ንጉሥ ዳግማዊ ቫልደማር በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1219 ኮረብታውን ይዞ ነበርና፥ ብዙ ሊቃውንት የባላገሮቹን ስም «የዴኖች ከተማ» ብለው ይተረጕሙታል። ከዴኖች በኋላ የቴውቶን ፈረሰኞች፥ ከ1561 ጀምሮ ስዊድኖች፥ ከ1710 ጀምሮ ደግሞ የመስኮብ ዛሮች ተፈራረቁባት፤ ነገሥታቱ ቢለዋወጡም ገበያውና የሸንጎው ወንበር ከጀርመን ዘር ነጋዴዎችና መኳንንት እጅ አልወጣም። በኤስቶንኛ «ሳክስ» የሚለው ቃል «ጀርመናዊ» ማለትም ነው፥ «ጌታ» ማለትም ነው።

እንግዲህ በ1689 በከተማይቱ መታተም የጀመረው ጋዜጣ በጀርመንኛ መሆኑ አያስደንቅም። በኤስቶንኛ የታተመው የመጀመሪያው ጋዜጣ የወጣው በሌላ ከተማ፥ በታርቱ፥ በ1806 ሲሆን፥ እርሱም ዓመት ሳይሞላው በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕት ዓመት ቈይቶ፥ በ1857፥ ዮሐን ቮልዴማር ያንሰን የተባለ፥ አባቱ ወፍጮ ጠባቂ፥ እርሱም ቀድሞ በአንድ ሰበካ የመዝሙር መሪና መምህር የነበረ ሰው፥ በፓርኑ ወደብ «የፓርኑ ፖስተኛ» የሚል ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋመ። በመጀመሪያው እትም፥ በዚያ ዘመን በተለመደው ማዕዘናማ የጎቲክ ፊደል፥ አንባቢዎቹን «የኤስቶኒያ ሕዝብ» ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው። ለዛሬ ሰው ይህ ተራ ሰላምታ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን እነዚያ ሰዎች እስከዚያ ጊዜ ድረስ ራሳቸውን የሚጠሩት «የምድሩ ሕዝብ» ብለው ነበር፤ እኛ ባላገር እንደምንለው ያለ ነው። አባቶቻቸው ከጌታ ርስት ጋር የተቈራኙ ጭሰኞች ነበሩ፤ በ1816ና በ1819 በወጡት ዐዋጆች ነጻ ከወጡም በኋላ ነው የቤተ ሰብ ስም የተሰጣቸው። ለየራሱ ስም ካገኘ ገና ብዙ ያልቈየ ሕዝብ፥ የጋራ ስሙን በፖስታ ከመጣ ወረቀት ላይ አነበበ። ማንበቡንስ ከወዴት ተማረው ቢሉ፥ የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ንባብ የማያውቀውን ወጣት ወደ ቅዱስ ቍርባን አታቀርብም ነበርና፥ ከ1739 ጀምሮ በልሳኑ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በየጎጆው አንባቢ አዘጋጅቶ ጠብቆት ነበር።

በ1870 የምድር ባቡር ሐዲድ ታሊንን ከሴንት ፒተርስበርግ ጋር፥ ያን ጊዜ የመስኮብ መናገሻ ከነበረችው ከተማ ጋር፥ ባገናኛት ጊዜ ፋብሪካው በዛ፤ የገጠሩም ሰው ለሥራ ወደ ቅጽሩ ይጐርፍ ጀመር። በ1897 ቈጠራ ከ64 ሺህ በላይ ከሆነው ነዋሪ ሁለት ሦስተኛው ኤስቶኒያዊ ሆኖ ተገኘ፤ ጋዜጦችም አንባቢያቸውን ተከትለው ገቡ። በ1901 ኮንስታንቲን ፓትስ የተባለ የሕግ ዐዋቂ «ቴአታያ»፥ ማለትም «አስታዋቂ»፥ የተባለውን ጋዜጣ በታሊን አቋቋመ፤ ኤድዋርድ ቪልዴንና ታምሳሬን የመሳሰሉ ደራስያንም በዚያ ሠሩ። በ1904 የከተማው ሸንጎ ምርጫ ኤስቶኒያውያን ከመስኮቦች ጋር ተባብረው የጀርመኖቹን ወገን አሸነፉ፤ በእኔ አስተያየት ያ ድል ድምፅ ከመሰጠቱ አስቀድሞ በጋዜጣ ዐምድ ላይ የተዘራ ነው። ደስታው ግን አልሰነበተም፤ በመስኮብ ግዛት በተነሣው የ1905ቱ ሁከት ወታደሮች በታሊን ገበያ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኵሰው ብዙ ሰው ፈጁ፤ በዓመቱ መጨረሻ ቴአታያ ተዘጋ፤ አዘጋጁ ፓትስም ወደ ውጭ አገር ሸሽቶ በሌለበት ሞት ተፈረደበት።

ያው ፓትስ በየካቲት ወር 1918፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መስኮቦች ሲወጡና ጀርመኖች ሲቃረቡ፥ በመካከል በተገኘችው ጥቂት ጊዜ፥ የነጻነት ዐዋጅ ካወጁት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኖ እናገኘዋለን። ዐዋጁ በ24ኛው ቀን በታሊን ታተመ፤ በማግሥቱ የጀርመን ሠራዊት ገባ፤ ፓትስም በኋላ ተይዞ ታሰረ፤ ከተማይቱም በሹማምንቱ ወረቀት ላይ እንደገና ሬቫል ተባለች። በኅዳር ወር ጀርመኖች ድል ሆነው ሲወጡ ግን፥ የኤስቶንኛ ጋዜጦች ከርእሳቸው በታች የሚያትሙትን የከተማ ስም መለወጥ አላስፈለጋቸውም፤ ዱሮም ታሊን ይል ነበርና።