«የዘር ድርሻ» እንጂ «የመውረስ ችሎታ» አይባልም

በሰብል ማሻሻያ ጽሑፎች «ሄሪታቢሊቲ»ን «የመውረስ ችሎታ» ማለት እየተለመደ መጥቷል። ይህ አጠራር ሰዋስዉንም ሳይንሱንም ያዛባል። «ወረሰ» የወራሹ ግስ ነው። ለምሳሌ ጎመን ዘር ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅሎ የተገኘ፣ ከአንዱ 8 ከሌላው 9 ጥንድ ክሮሞዞም የወሰደ ተክል ነውና ወራሽ ቢባል ያምርበታል፤ የፍሬው የቅባት መጠን ግን ይወረሳል እንጂ አይወርስም። ይህን ያስተዋሉ ሰዎች «ተወራሽነት» ይላሉ። ሰዋስዉ ተቃንቷል፤ ሆኖም ከ1967ቱ አዋጆች ወዲህ «ተወረሰ» ሲባል ቀድሞ ወደ ጆሮ የሚመጣው ከባለቤቱ እጅ የወጣ መሬትና ትርፍ ቤት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን «ችሎታ» ነው። ችሎታ የአንድ ተክል የግል ሀብት ይመስላል። ሄሪታቢሊቲ ደግሞ በብዙ ተክሎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር እንደመጣ የሚያሳይ፣ ከ0 እስከ 1 የሚሰላ መጠን ነው፤ ማሳው ወጥ ሲሆን ከፍ፣ አፈሩና ውሃው ሲዘበራረቅ ዝቅ ይላል። በጎመን ዘር የቅባት መጠን ልዩነት በአብዛኛው ከዘር ስለሚመጣ አዳቃዩ ገና በመጀመሪያዎቹ ትውልዶች መርጦ ማስቀረት ይችላል። ምርት ግን የቅርንጫፉ፣ የቆባው፣ የፍሬው ብዛትና ክብደት ብዜት ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ዝናብና ውርጭ እጃቸውን ያስገባሉ። ስለዚህ ምርታማነትን ለመምረጥ በአንድ ቦታ፣ ለምሳሌ በሆለታ፣ የታየውን በሌላ ቦታ፣ በሌላም ዓመት ደግሞ መዝራት ግድ ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ቃል «ድርሻ» ነው።

«የዘር ድርሻ» ሲባል ውርስ የሚለው ሐሳብ ይጠፋል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አይጠፋም፤ ወራሾች የሚካፈሉት ድርሻቸውን አይደለምን? «ዘር» ለእህልም ለትውልድም መዋሉ ያደናግራል የሚለው ሥጋት የበለጠ ክብደት አለው። ነገር ግን አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራው ዝምድናቸውን አይቶ ነው፤ «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውም ተረት የሚናገረው ስለዚሁ የትውልድ ጉልበት ነው። ተረቱ ሁሉን ለዘር ሲሰጥ «ድርሻ» ልክ ያበጅለታል፤ ቀሪው የአፈሩና የአየሩ ነው። ቃሉ ለመርባትም ይመቻል። ከዘር የመጣው ልዩነት በሙሉ «ጠቅላላ የዘር ድርሻ»፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ሳይበተን የሚያልፈው ብቻ ደግሞ «ተሻጋሪ የዘር ድርሻ» ሊባል ይችላል። «የመውረስ ችሎታ» ግን ይህን ልዩነት የሚያስገባበት ቦታ የለውም።