የኮሶ ሻጯ ልጅ ተረትና የደብረ ታቦር እሳት

በአገራችን ልጆች እሳት ዳር ተቀምጠው ከሚሰሟቸው ትረካዎች መካከል የካሣን ያህል የሚወደድ ጥቂት ነው። ካሣ የድሀ ልጅ ነበር፤ እናቱ ኮሶ ትሸጥ ነበር፤ ጌቶች ናቁት፤ ቆላ ወርዶ ሸፈተ፤ የናቁትን አንድ በአንድ ድል አድርጎ ነገሠ፤ ምድር የሚያናውጥ መድፍ አሠርቶ ዳገት ላይ አወጣ፤ በመጨረሻም «እጄን አልሰጥም» ብሎ ሽጉጡን ጠጣ። ሰውየው በእርግጥ የኖረ ንጉሠ ነገሥት ቢሆንም፥ የትረካው አጥንት የተረት አጥንት ነው። የተናቀ ልጅ፥ የሚያሳድዱት ኃያላን፥ አስቀድሞ የተነገረ ዕድልና አንድ ተአምረኛ መሣሪያ በየአገሩ ተረት የሚገኙ ናቸው።

ለሙያ ባልደረቦቼ በዚህ ጽሑፍ ላቀርበው የምሻው ጥያቄ ይህ ነው፤ ልጆች የሚወዱት ተረት ለዐዋቂዎች በልቦለድ መልክ ዳግመኛ ሲጻፍና ጨለማው ሲገለጥ ምን እናተርፋለን? ምንስ ይቀርብናል? ጥያቄው ለማንኛውም መምህር የሚገባ ነው፤ ለደብረ ታቦርና ለአካባቢዋ መምህር ግን ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል። ምክንያቱም የተረቱ መድፍ የተሠራው በዚያ ነው፤ የተረቱ ዋጋም በብዙው የተከፈለው በዚያ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ፍራንክ ባውም የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1900 ዓ.ም. ስለ ኦዝ አገር ጠንቋይ ለልጆች የጻፈው መጽሐፍ ትውልድን ያስደሰተ ነበር። በዚያ መጽሐፍ የምዕራቧ ጠንቋይ ክፉ ናት፤ ልጅም ለምን ክፉ እንደሆነች አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. ግሬጎሪ ማጓየር የተባለ ደራሲ ያችኑ ሴት ባለታሪክ አድርጎ ለዐዋቂዎች ልቦለድ ጻፈ፤ ስም ሰጣት፤ ልጅነቷን፥ መገፋቷንና የአገሪቱን ግፈኛ አገዛዝ አሳየ። የእርሱ ሥራ ግን በአንድ ነገር ከእኛ ጉዳይ ይቀላል። ኦዝ የምትባል አገር የለችም፤ በዚያ የሞተ ሰው ዘመድም የለውም። ቤጌምድር ግን አለ።

የካሣ ተረት መጀመሪያ ከንጉሡ ልደት ይቀድማል። «ፍካሬ ኢየሱስ» በተባለው መጽሐፍ፥ ከብዙ ግፍና መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ሰላምና ጥጋብ እንደሚያመጣ ተነግሮ ነበር። በዘመነ መሳፍንት ጦር ሲፈራረቅበት የኖረው ሕዝብ ይህን ተስፋ አጥብቆ ይዞት ቆየ። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በዚያው በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ፥ ስመ መንግሥታቸውን ቴዎድሮስ ያሰኙት በከንቱ አልነበረም። ንጉሡ በገዛ ፈቃዳቸው ተረት ውስጥ ገቡ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ የሚጠብቃቸው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ትንቢት ሆነ፤ ትንቢት ደግሞ ሲሳሳት ምሕረት አያገኝም።

የኮሶውን ነገር እንመልከት። የቋራው ካሣ በአባታቸው በኩል የባላባት ዘር፥ የስመ ጥሩው ደጃዝማች ክንፉም ዘመድ ነበሩ። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ቃል ከባላጋራ አፍ የወጣ ስድብ ነው። በታወቀው ትረካ መሠረት፥ ከእቴጌ መነን ወገን የሆነ ወንድይራድ የተባለ ደጃዝማች ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ በተማረከ ጊዜም ካሣ ኮሶ አቅርበው አጠጡት። ልጆች በዚህ ይስቃሉ፤ መሳቅም ይገባቸዋል። ነገር ግን ኮሶ የደጋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኃይለኛ የትል መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ ይጎዳል። ሳቁ ውስጥ ቂም አለ፤ ቂሙም ውሎ አድሮ ሥልጣን አገኘ። ተረቱ በሳቁ ላይ ያቆማል፤ ልቦለድ ግን ከሳቁ በኋላ ያለውን ሰው እንዲያሳየን እንጠብቃለን።

ሁለተኛው የተረቱ ውብ ስፍራ ጋፋት ነው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በዚህች መንደር፥ በወንጌል መልእክተኝነት የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች በንጉሡ ትእዛዝ መሣሪያ ሲሠሩ ኖሩ። ከሥራቸውም ሁሉ ታላቁ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። ተረቱ ከዚህ በኋላ መድፉን አንሥቶ መቅደላ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በመካከል ያለውን መንገድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ታሪክ የሚጀምረው ግን ተረቱ ባለፈው በዚያ መንገድ ላይ ነው።

በ1859 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ግዛት ከሞላ ጎደል ደብረ ታቦርና መቅደላ ብቻ ሆኖ ቀርቶ ነበር። በየአውራጃው ሽፍታ ተነሥቷል፤ ሠራዊቱ በየሌሊቱ ይከዳል። ለዚህ ሠራዊት ቀለብ የሚቀርበው በዙሪያው ካለው ገበሬ ጎተራ ነበር፤ ጎተራው ሲያልቅም መንደሩ ይዘረፋል፥ ይቃጠላል። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ተመዘበረች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ከእሳት አልዳኑም። የቤጌምድር ሰው ዐመፀ፤ ባመፀም ቁጥር ቅጣቱ በረታ። የዘመኑ ምስክሮች፥ አገር ውስጥ የነበሩት የውጭ ሰዎች ጭምር፥ ቤት ተዘግቶባቸው ስለ ተቃጠሉ ሰዎች ጽፈዋል። በመጨረሻም በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መባቻ ገደማ ንጉሡ ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እስከ መጋቢት ድረስ፥ በስድስት ወር ግድም፥ በጂዳና በበሸሎ ገደል መንገድ እየተፈለፈለ መድፉ ተጎተተ። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ግሩምም ነው። ይሁን እንጂ ያን የመሰለ ጥረት ያደረገው ሰውና ከተማዪቱን ያቃጠለው ሰው አንድ ናቸው። በጸሎተ ሐሙስ፥ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ ከመቶ በላይ እስረኞች እስላምጌ ላይ ወደ ገደል ተወረወሩ፤ በማግሥቱ በዕለተ ስቅለት አሮጌ ላይ ሠራዊቱ በእንግሊዝ ጦር ተመታ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በንግሥት ቪክቶሪያ ስም በተሰጣቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። ተረቱ ከእነዚህ ሦስት ተከታታይ ክስተቶች የመጨረሻውን ብቻ ይዞ ቀረ።

እንግዲህ ልቦለዱ የመጣው በዚህ መካከል ነው። የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን በ1958 ዓ.ም.፥ ከጣና ማዶ ከጎጃም የተነሡት አቤ ጉበኛም «አንድ ለናቱ»ን በ1961 ዓ.ም. አሳተሙ። ርእሶቹን ልብ ይሏል። አንዱ ንጉሡን በእንባቸው፥ ሌላው በእናታቸው በኩል እንድናያቸው ይጋብዛል። ከተረት ወደ ልቦለድ የተደረገው ታላቅ ለውጥ በዚህ ይታወቃል፤ ተረት እንባ የለውም። በተረት ካሣ «አንተ» የምንለው የሁላችን ልጅ ነው፤ በዜና መዋዕል «እርስዎ» የምንላቸው ንጉሥ ናቸው፤ በልቦለድ ግን ሌሊት ብቻውን የሚነቃ ሰው ይሆናል።

ሁለቱም ደራስያን ለንጉሡ ያደላሉ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን ስለ ቴዎድሮስ መጻፍ፥ ስለ ለውጥና ስለ ዘመኑ መንግሥት በተዘዋዋሪ መናገር ነበር፤ አቤ ጉበኛ «አልወለድም» በተባለው ሥራቸው ምክንያት የሳንሱርን በትር ቀድመው ቀምሰዋል። ስለዚህ በልቦለዶቹ ያለው ጨለማ ባመዛኙ ሕልሙ ያልተሳካለት ንጉሥ ጨለማ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት የጉና ሥር ገበሬ ግን የራሱን ልቦለድ ገና አላገኘም።

አንዳንድ አንባቢ፥ ይህን ሁሉ ጨለማ ያመጡት የዘመናችን ሰዎች ናቸው ይል ይሆናል። እንዲህ አይደለም። ዘመነ መንግሥቱን ካዩት ጸሐፊዎች አለቃ ዘነብ የንጉሡን መነሣትና ድል በአድናቆት ሲመዘግቡ፥ አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ መጨረሻውን በሐዘንና በወቀሳ ጽፈዋል። ሁለቱም በአማርኛ የጻፉ ያገር ልጆች ነበሩ። ጨለማው ከመጀመሪያው ጀምሮ በጽሑፍ ሰፍሯል፤ የጣልነው እኛ ነን። ልቦለዱ አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ ተረቱ የጣለውን በከፊል አነሣ እንጂ።

የተረቱን ሌላ ገጽ ለማየት ደብረ ታቦር የተወለደውን አንድ ሕፃን ማሰብ ይበቃል። ልዑል ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ተወለደ። አባቱ መቅደላ ላይ ሞቱ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ መንገድ ላይ ዐረፉ፤ እርሱ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ18 ዓመቱ፥ በ1872 ዓ.ም.፥ ሞተ፤ መቃብሩም ዊንድሰር ነው። የኮሶ ሻጯ ልጅ ንጉሥ ሆነ፤ የንጉሡ ልጅ ግን ስደተኛ ሆነ። የመጀመሪያውን ለልጆቻችን እንነግራለን፤ ሁለተኛውን አናስቀጥልም።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? በጋፋት አቅራቢያ የተወለደ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ከተማችንን ያቃጠላት ማን ነው?» ቢል ምን ይመለስለት? ተረቱን ከልጁ ቀምቶ የእልቂት መዝገብ ማስያዝ መፍትሔ አይመስለኝም። የተናቀ ልጅ ሊነግሥ እንደሚችል መስማት ለድሀ ልጅ ስንቅ ነው። ነገር ግን ያን ስንቅ ብቻ ይዞ ያደገ ሰው፥ ታላቅ ሕልም ያለው ገዢ ያደረገውን ሁሉ ይቅር ማለትን ይለምዳል። እውነቱን በኋላ ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማ ደግሞ ተረቱንም፥ የነገረውንም መምህር አብሮ ይጥላል። ሁለቱም ጉዳት ነው።

የሚሻለው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። በታናሽነቱ ተረቱን ይስማ፤ ሲጎረምስ ልቦለዱን ያንብብ፤ ሲበስል ዘነብንና ወልደ ማርያምን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመርምር። ልቦለድ ማስረጃ እንዳልሆነ በግልጥ ይነገረው፤ ይሁን እንጂ ጥያቄ የሚያስተምረው ልቦለድ መሆኑም አይሸሸግ። ከዚያ በኋላ ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ መኖሩን ሲሰማ፥ የጎተቱትን እጆች ብዛት፥ ሲነሣም ከኋላው ይጨስ የነበረውን ከተማ አብሮ ያስባል። ንጉሡንም በዚያው ይወዳቸው እንደሆነ፥ የሚወደው ተረትን ሳይሆን ሰውን ነው።