ከተማን የሚያጸናው ምንድን ነው?

የከተማ ጥናት ሊቃውንት ከፊሎቹ የነዋሪውን ብዛት፣ ከፊሎቹ የሥራውን ዓይነት መለኪያ ያደርጋሉ፤ በአገራችንም የሕዝብ ቆጠራ 2,000 ነዋሪ እንደ መነሻ ሲያዝ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ከየካ በላይ የተዘረጋው የእንጦጦ ታሪክ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በቀድሞው አነጋገር «ከተማ» ማለት የንጉሥ ሰፈር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ በዚህ ፍች ከተማ ነበረች፤ ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውሃ አካባቢ ሲወርድ ግን ሕዝቡም አብሮ ወረደ። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ማገዶ ሲመናመን ይኸው ዕጣ አስግቷት ነበር፤ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ አጸናት። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ የካ ሲወርዱ የኖሩት ሴቶችም የዚህ ጽናት ባለድርሻ ናቸው። ስለዚህ ከተማን ስንተረጕም ነዋሪውን መቍጠር ብቻ ሳይሆን፣ ማን እንደተሸከመው መጠየቅም ይገባናል።