የወርምሊ ሆቴል ዕርቅ

የ2013 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ማታ ነበር። ከቤተሰቡ ግማሹ ለቤተ ክርስቲያን ነጠላውን ያዘጋጃል፤ ግማሹ ማድ ቤት ነው፤ እኔና አጎቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠናል። ከምሽቱ 4 ሰዓት አለፍ ሲል ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለ። እንኳን አደረሳችሁ ሊል መስሎን ስልኩን ተሻማንበት። እሱ ግን የበዓል ወሬ አላመጣም። «ሰዎቹ ምክር ቤቱን ሰብረው ገቡ እኮ!» አለ። በድምፁ ውስጥ ድንጋጤ ብቻ ሳይሆን እፍረት ነገርም ነበረበት። ምርጫ በወጉ ወደሚቆጠርበት አገር ሄድኩ ብሎ ዘመድ አዝማዱን ተሰናብቶ የወጣ ሰው ነው። ቆየት ብሎ፣ «አንተ መቼም ታሪክ ታገላብጣለህ፤ ባለፈው ቅዳሜ ሴናተሮቹ እንደ 1877ቱ ያለ ኮሚሽን ይቋቋም ብለው ነበር፤ ምንድን ነው እሱ?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ማታ የሰጠሁት መልስ የረባ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው። (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር የአውሮፓውያን ናቸው።)

በጃንዋሪ 2021 ያንን ኮሚሽን ያነሱት ሴናተሮች 11 ነበሩ። አገር ለሁለት የከፈለ የምርጫ ጭቅጭቅ ያለ ደም የተፈታበት ጥሩ ምሳሌ አድርገው ነው ያቀረቡት። አዎን፣ ተፈትቷል። ዳሩ ግን እንዴት ተፈታ? ማንስ ከፈለ?

1876 አሜሪካ መቶኛ ዓመቷን ያከበረችበት ዘመን ነው። ፊላደልፊያ ላይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ፣ ግራሃም ቤል አዲሱን ስልኩን ለጎብኚ ያሳይ ነበር። ከ600 ሺህ በላይ ሕይወት የቀጠፈው የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ገና 11 ዓመቱ ነው። ከባርነት የወጡት ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁሮች ናቸው፤ በ1870 በጸደቀው 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወንዶቻቸው የመምረጥ መብት አግኝተዋል። በእነሱ ድምፅ የቆሙ የሪፐብሊካን መንግሥታት በደቡቡ ክፍል ነበሩ። የቀድሞዎቹ ጌቶች ይህን መቼም አልተቀበሉትም። በጁላይ 1876 በደቡብ ካሮላይና ሐምበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የታጠቁ ነጮች የጥቁር ሚሊሺያዎችን ከበው ከማረኳቸው በኋላ ከመካከላቸው እየመረጡ ረሸኑ። ምርጫው አራት ወር ቀርቶት ነበር።

ተወዳዳሪዎቹ ሁለት አገረ ገዥዎች ነበሩ። ሪፐብሊካኑ ራዘርፎርድ ሄይስ ከኦሃዮ፣ በጦርነቱ ደጋግሞ የቆሰለ ጠበቃ፤ ዴሞክራቱ ሳሙኤል ቲልደን ከኒው ዮርክ፣ የከተማውን ሙሰኞች በመበተን ስም ያወጣ፣ ሀብታምና ወንደላጤ። ኖቬምበር 7 ቀን ድምፅ ተሰጠ። ሄይስ ተሸንፌያለሁ ብሎ ተኛ። በእርግጥም ቲልደን በሕዝብ ድምፅ በ250 ሺህ ገደማ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ ፕሬዝዳንት የሚመርጡት ከየስቴቱ የሚላኩ መራጭ ወኪሎች ናቸው። ለማሸነፍ 185 ያስፈልጋል፤ ቲልደን 184 ያዘ፣ ሄይስ 165። የቀሩት 20 ድምፆች አከራካሪ ሆኑ፤ 19ኙ ከፍሎሪዳ፣ ከሉዊዚያናና ከደቡብ ካሮላይና፣ አንዱ ደግሞ ከኦሪገን። የኦሪገኑ ሰበብ ያስቃል፤ ከወኪሎቹ አንዱ የፖስታ ቤት ሹም ሆኖ ተገኘ፣ የፌዴራል ሹም ደግሞ ወኪል መሆን አይችልም። የደቡቦቹ ግን አያስቅም። ከየስቴቱ ሁለት ሁለት ውጤት፣ ሁለቱም «ትክክለኛው እኔ ነኝ» እያለ ዋሽንግተን ደረሰ።

ማን አጭበረበረ ቢባል፣ ሁለቱም። የደቡብ ዴሞክራቶች ጠመንጃ ይዘው ጥቁሩን መራጭ ከኮሮጆው አራቁት፤ ሪፐብሊካኖቹ ደግሞ የቆጠራ ቦርዶቹን ስለያዙ ኮሮጆው ከተሞላ በኋላ ወረቀቱን ጣሉት። በደቡብ ካሮላይና የተቆጠረው ድምፅ ከመራጩ ብዛት በልጦ ተገኘ። እንግዲህ ንጹሕ ምርጫ ቢሆን ማን ያሸንፍ ነበር ብሎ መሟገት እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች እንጀራ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ራሱ አልረዳቸውም። የሴኔቱ ፕሬዝዳንት ሁለቱ ምክር ቤቶች ባሉበት ፖስታዎቹን ይከፍትና ድምፁ «ይቆጠራል» ይላል። ማን ይቆጥራል? አይልም። በእኛም ቋንቋ ቢሆን «ይቆጠራል፣ ይጣራል፣ ይታሰብበታል» የሚል ነገር ሲበዛ ባለቤቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ ደግ ነው። ሴኔቱ በሪፐብሊካኖች፣ የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት በዴሞክራቶች እጅ ስለነበር ያቺ አንዲት ግስ አገር ልታፈርስ ደረሰች።

ኮሚሽኑ የተወለደው ከዚህ ጭንቀት ነው። ፕሬዝዳንት ግራንት ጃንዋሪ 29 ቀን 1877 ሕጉን ፈረመው። 15 አባላት፦ አምስት ከሴኔት፣ አምስት ከእንደራሴዎች፣ አምስት ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች። ሰባት ሪፐብሊካን፣ ሰባት ዴሞክራት፣ አንዱ ገለልተኛ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ገለልተኛ የተባለው ዳኛ ዴቪድ ዴቪስ ነው። ይኸኔ የኢሊኖይ ምክር ቤት፣ ያውም በዴሞክራቶቹ ድጋፍ፣ ዴቪስን ሴናተር አድርጎ መረጠው! ሰውየውም ከኮሚሽኑ ራሱን አገለለ። በቦታው ሪፐብሊካኑ ዳኛ ጆሴፍ ብራድሌይ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው። ፍሎሪዳ 8 ለ 7፣ ሉዊዚያና 8 ለ 7፣ ኦሪገን 8 ለ 7፣ ደቡብ ካሮላይና 8 ለ 7። ሃያውም ድምፅ ለሄይስ።

ዴሞክራቶቹ ቆጠራውን በማጓተት ለማክሸፍ ሞከሩ። የፕሬዝዳንቱ ዘመን የሚያበቃው ማርች 4 ነው፤ እስከዚያ ካልተጨረሰ አገሪቱ መሪ አይኖራትም። እነሆ ፌብሩዋሪ 26 ማታ የሄይስ የኦሃዮ ወዳጆችና የደቡብ ዴሞክራቶች በዋሽንግተን ወርምሊ ሆቴል ተሰበሰቡ። በኋላ ፕሬዝዳንት የሆነው ጄምስ ጋርፊልድም ብቅ ብሎ ነበር። ንግግሩ በአጭሩ፣ እናንተ ማጓተቱን ተዉ፣ ሄይስ ይንገሥ፤ እኛ በሉዊዚያናና በደቡብ ካሮላይና የሪፐብሊካን መንግሥታቱን የሚጠብቀውን ጦር እናነሳለን፤ እናንተም የጥቁሮቹን መብት እንደምታከብሩ ቃል ግቡ የሚል ነው። ታሪክ ጸሐፊው ቫን ውድዋርድ በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ጀርባ የባቡር ሐዲድ ጥቅምም እንደነበረበት ጽፏል፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ነገሩ ሆቴል ከመገባቱ በፊትም አልቆ ነበር ይላሉ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ፣ ራሱ ዴሞክራት ሆኖ፣ የሚያጓትቱትን ዝም አሰኝቷል፤ ግራንትም ለሉዊዚያና ሪፐብሊካኖች ጦሩን ከእንግዲህ አትመኑ የሚል ቴሌግራም ልኳል። እኔም ወደዚህኛው አዘነብላለሁ። ሆቴሉ ውስጥ የተሸጠው ነገር ቀድሞ ዋጋው ወድቆ ነበር።

ይሁንና የወርምሊን ሆቴል መርሳት አልቻልኩም። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ተበዳይ በሌለበት የተደረገ ነገር ስምምነት ሊባል ይችላል፤ ዕርቅ ግን አይደለም። በዚያ ክፍል ስለ ጥቁሮች መብት ቃል ሲሰጥና ሲቀበል የዋሉት ሁሉ ነጮች ናቸው። የሆቴሉ ባለቤት ጄምስ ወርምሊ ግን ጥቁር ነበር፤ በማዕድ አሰናዳጅነቱ የከተማው ሹማምንት ሁሉ የሚያውቁት ሰው። ለዕርቁ የጥቁሩ ድርሻ ቤቱን ማከራየት ሆነ።

ቆጠራው ማርች 2 ንጋት ላይ አለቀ። ማርች 4 እሑድ ስለዋለና ሁከትም ስለተፈራ ሄይስ ቅዳሜ ማታ ዋይት ሐውስ ውስጥ በምስጢር ማለ፤ ሰኞ ደግሞ በሕዝብ ፊት። በንግግሩም አገሩን ያገለገለ ፓርቲውንም አገለገለ ብሎ ብዙ ሰው አስደሰተ። ተቀናቃኞቹ «አጭበርባሪው ክቡርነታቸው» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ከጅምሩ ለአንድ ዘመን ብቻ እንደሚቆይ ስለተናገረም የሚያስቀድመውን መምረጥ ነበረበት። የመረጠው ሦስት ነገር ነው፤ የሰሜንና የደቡብ ነጮችን ማቀራረብ፣ የመንግሥት ሥራን ከፓርቲ ችሮታ ማላቀቅ፣ የገንዘቡን ዋጋ ማጽናት። በሁለተኛው ሐቀኛ ነበር፤ የገዛ ፓርቲውን አለቆች ተጋፍቶ የኒው ዮርክን ጉምሩክ ሹም ቼስተር አርተርን እስከ ማንሳት ደርሷል።

ለመጀመሪያው ሲል የቀድሞውን የደቡብ ጦር መኮንን ዴቪድ ኪይን የፖስታ ሚኒስትር አደረገው። አራት ዓመት የተታኮሱ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው ያስገርም ይሆናል፤ ለእኛ ግን አዲስ አይደለም። በ1868 ዓ.ም. ጉራ ላይ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል የመታው የግብፅ ጦር ኤታማዦር ሹሙ ዊሊያም ሎሪንግ፣ የደቡቡ አንድ እጅ ጄኔራል ነበር፤ ካይሮ ተቀምጦ የበላይ አለቃው የሆነው ቻርልስ ስቶን ደግሞ የሰሜን ጄኔራል። የራሳቸው አገር ሳይታረቅ እነሱ በከዲቩ ደመወዝ ታርቀዋል።

ጦሩ ኤፕሪል 10 ከደቡብ ካሮላይና፣ ኤፕሪል 24 ከሉዊዚያና ምክር ቤት ደጃፍ ተነስቶ ወደ ሰፈሩ ገባ። የሪፐብሊካን መንግሥታቱ በዚያው ወደቁ። ለፍትሕ ያህል የሄይስን ጭንቀትም እንይለት፤ ዴሞክራቶቹ ስለ ደቡቡ በተነሳ ክርክር የጦሩን በጀት ስለከለከሉ ወታደሩ በዚያ ዓመት ለወራት ያለ ደመወዝ ነው የኖረው። ነገር ግን ጁላይ ላይ የባቡር ሠራተኞች ደመወዛችን ለምን ተቀነሰ ብለው ሲያድሙ ያው ደመወዝ የሌለው ጦር ተላከባቸው። ጦር አልነበረም አይባልም። የት ይቁም የሚለው ነው የተወሰነው።

ፍሬድሪክ ዳግላስ፣ ከባርነት አምልጦ የዘመኑ ትልቁ ተናጋሪ የሆነው፣ ገና በ1875 ዋሽንግተን ላይ ጠይቆ ነበር፦ የነጮች ጠብ ለጥቁሮች ነፃነት ካመጣ፣ የነጮች ሰላም ምን ያመጣላቸው ይሆን? ሄይስ ዳግላስን የዋሽንግተን ማርሻል አድርጎ ሾመው። ቀድሞ ማርሻሉ በግብዣ ጊዜ ከፕሬዝዳንቱ ጎን ቆሞ እንግዶቹን ያስተዋውቅ ነበር፤ ዳግላስ ሲሾም ይህቺ ሥራ ተነሳች።

ሄይስ ራሱ በዲሴምበር 1878 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት በሉዊዚያናና በደቡብ ካሮላይና የጥቁር መራጮች መብት መረገጡን አመነ። የተገባው ቃል ሁለት ዓመት አልሞላውም። በተከታዩ ዓመት ዴሞክራቶቹ የምርጫ ጥበቃ ሕጎቹን ሊሽሩ ሲሉ ደጋግሞ አልፈርምም ማለቱ ይመሰገንበታል፤ ግን ሕጉን የሚያስከብር አልነበረም። በ1879 በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁሮች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ካንሳስ ተሰደዱ። በሉዊዚያና በ1896 ከ130 ሺህ በላይ ጥቁር መራጮች ተመዝግበው ነበር፤ የ1898ቱ አዲስ የስቴት ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ በ1900፣ የቀሩት 5,320 ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሄይስ በ1877 የሉዊዚያናን ጉዳይ እንዲያጣሩ ከላካቸው ሰዎች አንዱ ጆን ሃርላን የሚባል የኬንታኪ ሰው ነበር፣ የቀድሞ ባሪያ አሳዳሪ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሾመው። ከዚያችው ከሉዊዚያና የመጣ የባቡር ጉዳይ በ1896 ቀርቦ ፍርድ ቤቱ የዘር መለያየትን ሕጋዊ ነው ሲል፣ ብቻውን የተቃወመው ዳኛ ሃርላን ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በስልክ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ሲያበቃ፣ «ታዲያ በደቡቡ ጥቁሮቹ በሕግ ተጠብቀው እንደገና መምረጥ የቻሉት መቼ ነው?» አለ።

«በ1965። በእኛ ሐምሌ 1957።»

ጥቂት ዝም አለ።

«እማዬ እኮ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች» አለኝ።