የማንኩሳው ልጅና የባለጉልቱ ልጅ

«ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና ታትሞ በወጣ ቁጥር የሚነሣው ወሬ ያው ነው፤ በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌል፣ ዕንባ፣ ከዚያም የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ። ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር የልብወለዱን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳን በድምፁ ለይቶ አወቀው። ውለታው ትልቅ ነው። ሆኖም ለፍቅሩ ስናለቅስ የልብወለዱን ግማሽ አካል ዘንግተነዋል እላለሁ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ሁለቱን ወጣቶች፣ በዛብህንና ሰብለን፣ ከማገናኘታቸው በፊት ስለ ባላገር ኑሮ ያን ሁሉ ገጽ የጻፉት በከንቱ አይደለም። ሁለቱን ለመቃብር ያበቃቸው ጉልት፣ ማለትም ከባላገሩ ግብር የመሰብሰብ መብት፣ እና ዘር ቆጠራ ነው፤ ይህም ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጀምሮ እየተጎነጎነ ይመጣል።

ታሪኩ የሚነሣው በዛብህ ሳይወለድ፣ ከጎጃሟ ማንኩሳ ነው። ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ተራ ባላገሮች ናቸው። አንድ ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ሲሉ ለእግዚአብሔር ተሳሉት፤ ካደገ ቤተ ክርስቲያን ሊያገለግል፣ ሚስት ሳያገባ ሊኖር። ልጁ በማያውቀው ቃል ታሰረ። በኋላ ሰብለን ሲወድ የሚያሠቃየው የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ ብቻ እንዳይመስለን። እናትና አባቱ በፍቅር የገቡት ስለትም ሌሊት ሌሊት ይሞግተዋል። ክፉ ሰው ሳይኖርበት የሚደርስ እንዲህ ያለ በደል መጻፍ ቀላል አይደለም።

ሐዲስ ይህን ዓለም ከሩቅ ሆነው የሣሉት አይደለም። በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምረዋል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ የሚዞር የቆሎ ተማሪ ከማጀት ምን ይዘው እንደሚወጡለት፣ ውሻው ከየት በኩል እንደሚመጣበት፣ የባላገሩ ጎተራ ሙሉ ይሁን ባዶ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ልብወለዱ ውስጥ የገበሬው ቤት እንዲህ ቀርቦ የሚታየን ደራሲው ደጃፉ ላይ ስለ ቆሙ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሕይወታቸው ሌላ ነው፤ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው በጣሊያን ተማረኩ፣ ለሰባት ዓመት ገደማ በባዕድ አገር በግዞት ቆዩ፣ ከነጻነት በኋላም ሚኒስትርና አምባሳደር ሆኑ። ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጋር አብሮ የሚቀመጥ ሰው ይህን መጽሐፍ ማሳተሙ ዛሬም ይገርመኛል።

ፊታውራሪ መሸሻን እንመልከት። ለልጃቸው የሚመጣውን አማች ሁሉ በአጥንት እየመዘኑ ሲመልሱ የሰብለ ዕድሜ ገፋ። በዛብህ ፊደል ሊያስቆጥራት ወደ ቤታቸው ሲገባ ምንም አልጠረጠሩም፤ የባላገር ልጅ ቀና ብሎ ልጃቸውን ያያል የሚል ሐሳብ በአእምሯቸው ቦታ አልነበረውም። ፍቅሩ የበቀለው እንግዲህ በንቀታቸው ውስጥ ነው። እኒሁ ሰው በጉልታቸው ያሉትን ገበሬዎች ከደንቡ በላይ ግብር ሲጠይቁ፣ ገበሬው በአበጀ በለው መሪነት እምቢ አለ፤ ሊቀጡት ቢዘምቱበት እሳቸውኑ ማረካቸው። ይህን ክፍል ብዙ አንባቢ የፍቅሩን ታሪክ የሚያቋርጥ አድርጎ ይዘልለዋል። እኔ ግን የመጽሐፉ ወገብ ነው ባይ ነኝ። ገበሬው ግብሩን እምቢ ያለበትና ሰብለ የአባቷን ፈቃድ ጥላ የወጣችበት ምክንያት አንድ ነው።

ስለ ጉዱ ካሳ ረጃጅም ንግግሮች የሚቀርበውን ወቀሳም አልቀበልም። ትረካውን ያጓትታሉ ይባላል። የፊታውራሪ ዘመድ የሆነ የተማረ ሰው የዘመዶቹን ሥርዓት በዘመዶቹ ፊት ሲነቅፍ፣ አገሩ ሁሉ እንደ እብድ ሲቆጥረው፣ ያ ሰው አጭር ንግግር ሊበቃው አይችልም። ሰብለ እንደ መነኩሴ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ስትወጣ፣ በሽፍታ ተመትቶ በሞት አፋፍ ላይ ስታገኘው፣ በኋላም ሁለቱ ከራሱ ከካሳ ጋር በአንድ መቃብር ሲያርፉ፣ ካሳ ቀድሞ የተናገረው ሁሉ እየተፈጸመ ነው የምናየው።

መጽሐፉ የወጣበትን ጊዜ ልብ ማለት ይገባል። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታተመ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የመሬት ግብር ማሻሻያ አዋጅ የጉልትን መብት በሕግ ሻረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1960፣ የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሣ፤ መንግሥት ጦር ቢያዘምትም በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥውን ለማንሣት ተገደደ። ልብወለዱ ዓመፁን አስነሣ ማለቴ አይደለም። ደራሲው ግን የሕዝባቸውን ቁጭት አስቀድመው ጽፈውታል።

ዛሬ መጽሐፉን የሚገዛው ወጣት፣ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ይኑር፣ ጉልትና ርስት ምን እንደሚለያቸው፣ ባላገሩ ለባለጉልቱ በዓል በመጣ ቁጥር ምን ይዞ እንደሚሄድ የሚነግረው አያት አጠገቡ ላይኖር ይችላል። እስከ ዛሬ እጄ የገቡት እትሞች ያለ ምንም ማብራሪያ የቀረቡ ናቸው። የሚቀጥለው አሳታሚ ሽፋኑን ከማሳመር አልፎ፣ ስለ መሬት ሥሪቱና ስለ ማዕረጎቹ ጥቂት ገጽ መግቢያ፣ ከማንኩሳ እስከ ዲማ፣ ከዲማም እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ የሚያሳይ አንድ ካርታም ቢጨምርበት፣ ያ የተዘለለው የገበሬዎች ምዕራፍ አንባቢ ያገኛል።