ነዌ፣ አልዓዛርና የወሎ ፊልም

ከደሴ ተነሥቶ በውጫሌ አድርጎ፣ ሐብሩንና መርሳን አቋርጦ ወልድያ በሚገባው አውራ ጎዳና፣ በ1965 ዓ.ም. የተራበው የወሎ ባላገር መኪና እያስቆመ ምግብ ሲለምን፣ መንግሥት የሸሸገውን መከራ መንገደኛው ሁሉ ያየው ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 «ያልታወቀው ረሃብ» ብሎ ለአገሩ ሰው በቴሌቪዥን አሳየው፤ ዓመት ሳይሞላም ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብርና ለውሾች ከሚቆረሰው ሥጋ ጋር አሰባጥሮ፣ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በሚወርዱበት ዋዜማ፣ ለአዲስ አበባ ተመልካች አቀረበ። የቴሌቪዥኑ ሥርጭት ገና ከዋና ከተማው ብዙ አልራቀምና፣ ነገሩ የተነገረለት የወሎው የየጁ ሰው ፊልሙን አላየም።

ተራው ሕዝብ የሚያየው ፊልም ፍልስፍና ይኖረው እንደ ሆነ ለሚጠይቅ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም። ይኸኛው ስለ ጠገበ ያኛው ተራበ የሚል ቃል ሳይነገር፣ ሁለት እውነተኛ ሥዕሎች ጎን ለጎን በመቆማቸው ብቻ የተመልካቹ ሕሊና ፍርዱን ፈጸመ፤ ፈጥኖ የፈጸመውም የባለጠጋውን የነዌንና የድኻውን የአልዓዛርን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ከዐውደ ምሕረት የሰማው ስለ ሆነ ይመስለኛል፤ ውሾቹ እንኳ አልቀሩም። ነገር ግን በወንጌል ድኻው የወደቀው በባለጠጋው ደጅ ሲሆን፣ በፊልሙ ደጁን የሠራው መቀስ ነው። ስለዚህ ፊልሙ የንጉሡን ቸልተኝነት ቢገልጥም የረሃቡን ምክንያት አይገልጥም፤ ግብሩ ቢቀር እንኳ የእኩል አራሹ ዕዳ አይቀርለትም ነበርና። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም ሳይንር፣ ከወሎም እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ሲወጣ፣ ገበሬው መግዣ አጥቶ አለቀ። ደግሞም ሉቃስ ድኻውን በስሙ ጠርቶ ባለጠጋውን ያለ ስም ሲተወው (ነዌ ያሰኘው ትውፊት ነው)፣ ፊልሙ ንጉሡን አስታውቆ ድኾቹን ያለ ስም አለፋቸው። በዲምብልቢ አልፈርድም፤ እርሱ የለመነው እርዳታ ነበር፣ እርዳታውም መጣ።

በዚያው የለውጥ ዘመን የፊልም አዘጋጁ ኃይሌ ገሪማ በጥቁርና ነጭ የቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ተመልካቹን ከሁለት ሰዓት በላይ ያስታግሣል፤ ጌታው ከወንበሩ ሳይነሣ ሲያዝዝ፣ ጭሰኛው ሲያርስ፣ መሬቱን የተቀማው ከበበ በአደባባይ ሲናገር፣ ምክንያቱ ከነውጤቱ በአንድ ቀዬ ውስጥ ይታያል። ቁጣን በአንድ ሌሊት ለማንደድ የደርጉ ፊልም ይበልጥ ነበር፤ እኔ ግን በፍልስፍናው የኃይሌን አስቀድማለሁ፣ ባለጠጋውና ድኻው የሚተያዩት በእርሱ ፊልም ነውና።