ቤት ጠራጊው ሮቦት እና የቤት ገመና

ሰው ገመናውን የሚሰውረው ከሰው እንጂ ከዕቃ አይደለም። ቁም ሣጥኑ እያየኝ ነው ብሎ የሚሸማቀቅ የለም፤ ዕቃ አይቶ አይናገርም፣ ሰምቶም አያወራም። ሮቦትን ወደ ቤታችን ያስገባነው በዚሁ እምነት ነው። ያለፉት ስድሳ ዓመታት ታሪክ ግን እምነቱ እንዳለ ሆኖ ዕቃው መለወጡን ያሳያል። ሰዎችን የሚያስቆጣቸው ማሽኑ ስለ እነሱ ማወቁ ሳይሆን፣ ከማሽኑ ጀርባ የማያውቁት ሰው መኖሩ ነው። ስለዚህ የገመና ጥበቃ መጀመር ያለበት ማንም ከማያነበው ረዥም የስምምነት ጽሑፍ ሳይሆን ከማሽኑ አሠራር ነው ብዬ እከራከራለሁ።

የዚህ ነገር የመጀመሪያ ፍንጭ የታየው አካል በሌላት ማሽን ላይ ነው። በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኤምአይቲ፣ ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባሉ ምሁር በ1966 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤላይዛ የተባለች በጽሑፍ የምታነጋግር የኮምፒውተር ፕሮግራም ይፋ አደረጉ። ኤላይዛ የሰውየውን ቃል ገልብጣ መልሳ ከመጠየቅ ያለፈ ችሎታ አልነበራትም። ሆኖም ፕሮግራሟ ስትዘጋጅ ለወራት ስትከታተል የቆየችው የዋይዘንባም ጸሐፊ፣ ከኤላይዛ ጋር ጥቂት ቃል እንደተለዋወጠች፣ ክፍሉን ለቀው እንዲወጡላት ጠየቀቻቸው። እሳቸው ሰዎች ከኤላይዛ ጋር የሚያደርጉትን ጭውውት መዝግበው ለማየት ባሰቡ ጊዜ ደግሞ የሰውን የልብ ምስጢር ሊሰልሉ ነው የሚል ወቀሳ ወረደባቸው። ይህን ራሳቸው በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ አስፍረውታል። ሰዎች ለማሽኗ ልባቸውን የከፈቱት የሚሰማ ሰው የለም ብለው ነበር፤ አንባቢ ሊኖር መሆኑን ሲያውቁ ግን ተቆጡ።

ቤት ጠራጊው ሮቦትም ከዚያው ተቋም ሰዎች እጅ የወጣ ነው። ኮሊን አንግል፣ ሄለን ግሬነር እና ሮድኒ ብሩክስ በ1990 ያቋቋሙት አይሮቦት ኩባንያ ሩምባ የተባለውን ቤት ጠራጊ በ2002 ለገበያ ሲያወጣ ዋጋው 200 ዶላር ገደማ ነበር። ያ የመጀመሪያው ሩምባ ካሜራ የለውም፤ ከኢንተርኔትም አይገናኝም። ከግድግዳ ወይም ከወንበር እግር ጋር ሲጋጭ የፊት መከላከያው ወደ ውስጥ ገባ ይላል፤ ማሽኑም ዞሮ በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ከሥሩ ያሉት ዳሳሾች ደረጃ አፋፍ ላይ ሲደርስ ያስቆሙታል። አንዴ እየተሽከረከረ፣ አንዴ ግድግዳ እየተከተለ፣ አንዴ በዘፈቀደ እየሄደ ወለሉን ያዳርሳል። አንዱን ቦታ ሦስቴ ጠርጎ ሌላውን ሊዘል ይችላል፤ ሥራውን ሲጨርስ ግን ስለ ቤቱ የሚያስታውሰው የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል መሸጡ፣ ገዢው ይህን ጉድለት ችሎ ለመኖር ፈቃደኛ እንደነበር ያስረዳል።

ለውጡ የመጣው በ2015 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሩምባ 980 በካሜራ እያየ የቤቱን ካርታ ይሠራል፤ በዋይፋይም ከባለቤቱ ስልክ ጋር ይገናኛል። በ2017 አንግል የቤት ካርታዎችን ለትላልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ስለማጋራት ለሮይተርስ የዜና ወኪል ሲናገሩ ብዙ ደንበኞች ተቆጡ፤ ኩባንያው የደንበኞቹን መረጃ ፈጽሞ እንደማይሸጥ ቃል ገባ። የባሰው የተሰማው በ2022 መጨረሻ ነው። ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው የተባለው መጽሔት፣ በ2020 ለሙከራ የተሰማሩ ሩምባዎች ያነሷቸው ምስሎች በማኅበራዊ ሚዲያ ቡድኖች ውስጥ መውጣታቸውን አጋለጠ። ምስሎቹ ስኬል ኤአይ ለተባለ ድርጅት የተላኩት፣ ሠራተኞች በውስጣቸው የሚታየውን ዕቃ እየለዩ ማሽኑን እንዲያስተምሩት ነበር። ከምስሎቹ አንዱ መጸዳጃ ቤት የተቀመጠች ሴት ያሳያል። በሌላው ወለል ላይ የተጋደመ ልጅ ማሽኑን ትኩር ብሎ ያያል። ልጁ የሚያየው ዕቃ ነው፤ እሱን የሚያየው ግን ቬንዙዌላ ውስጥ በቁርጥ ሥራ የሚተዳደር የማያውቀው ሰው ነበር።

ኩባንያው በበኩሉ ማሽኖቹ ለገበያ የቀረቡ እንዳልነበሩ፣ ሞካሪዎቹ በጽሑፍ ተስማምተው እንደወሰዷቸው፣ ቪዲዮ እንደሚቀረጽ የሚገልጽ አረንጓዴ ምልክትም እንደተለጠፈባቸው ገልጿል። ከባዱ መከራከሪያ ይህ ነው፤ የፈረመ ሰው ምን ቅሬታ አለው? ሆኖም ፈቃድ የሚጸናው ፈቃጁ የፈቀደውን ነገር ሲያውቅ ነው፤ መጽሔቱ በ2023 ያነጋገራቸው ሞካሪዎች እንደተታለሉ እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ደግሞስ የሚፈርመው አንድ ሰው ነው፤ ልጁ፣ እንግዳው፣ የቤት ሠራተኛዋ አልፈረሙም። ሌሎች ያለ ካርታ ጥሩ አገልግሎት የለም ይላሉ። ካርታ ያለው ማሽን በእርግጥ የተሻለ ይጠርጋል፤ ሳሎኑን ብቻ ጥረግ ሲባልም ይገባዋል። ግን ካርታ መያዝ ሌላ፣ ካርታውን ከቤት ማውጣት ሌላ ነው፤ ጠረጋው የሚሻለው በመጀመሪያው እንጂ በሁለተኛው አይደለም። ስልካችን ይህን ሁሉ ያውቅ የለም ወይ የሚሉም አሉ። ስልክ ባስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል፤ ሮቦት ግን በየክፍሉ ይዞራል፣ ባለቤቱ በሌለበትም ይሠራል። አንድ ገመና ተነክቷል ማለትም ሌላውን ለመንካት ፈቃድ አይሆንም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ጀርመን በ2017 አሳይታለች። ካይላ የምትባል ከልጆች ጋር የምትነጋገር፣ ከኢንተርኔት የምትገናኝ አሻንጉሊት ነበረች፤ የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ በሌላ ነገር ተመስሎ የተሠራ የስለላ መሣሪያ ናት ብሎ ሽያጯን አገደ፤ ወላጆችም እንዲያስወግዷት መከረ። ውሳኔው ያረፈው ወላጅ ተስማምቷል ወይ በሚለው ላይ ሳይሆን ዕቃዋ በተሠራችበት መንገድ ላይ ነው፤ ሰውን የምትሰማ ማሽን አሻንጉሊት መስላ መቅረቧ ራሱ ጥፋት ተባለ። መለኪያው ትክክል ነው። ሮቦት ሲያይና ሲሰማ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ በሚገባ ምልክት ያሳውቅ፤ መረጃውን እዚያው ቤት ያስቀር፤ ወደ ውጭ ሊልክ ሲል፣ ሰው እንደሚያየውም ጭምር ነግሮ፣ በዚያው ሰዓት ይጠይቅ። ይህ ምቾትን አይቀንስም። ባለቤቱ የሚጠነቀቀው ማሽን ምን ያህል ቢራቀቅ ምቹ ሊባል አይችልምና፣ አምራቾች ግልጽነትን ከጥሩ አገልግሎት አንዱ ክፍል አድርገው ሊሠሩት ይገባል።